ሽምግልና የሄደው ፕሪንተር

ጠባዬ ጥሩ አይደለም። ቶሎ እናደዳለሁ፣ ቶሎ እስቃለሁ፣ በመሃሉ ደግሞ የማይሆን ነገር እናገራለሁ። ከሰው ጋር ስጣላ ግን መታረቅ አለ። ከፕሪንተር ጋር እርቅ የለም። ኮምፒውተሬ ያናግረኛል፣ ስልኬ ያናግረኛል፤ ፕሪንተር ግን ሲፈልግ ያጉረመርማል፣ ሲፈልግ ይዘጋኛል፣ «ምን ሆንክ?» ስለው ቀይ መብራት ያበራብኛል። ለእኔ ቀይ መብራት! ከተወለድኩ ጀምሮ ቀይ ምን እንደሆነ ሰው ሲያስረዳኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ላልገባኝ ሰው።

ያኔ ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የወተት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ቤተሰቤ ሰበታ ነው። ሳምንቱን ሱሉልታ ተከራይቼ እከርምና ቅዳሜ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ እንጦጦን ወርዶ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ሁለቱ ከተሞች ሁለት አገር ይሆናሉ። በዚያ ዘመን ደግሞ መንገዱ ከተከፈተበት ቀን የተዘጋበት ይበዛ ነበር። የማስተር ፕላኑ ነገር ነው። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው ማሳና ግጦሽ በካርታ ተሸንሽኗል ይባላል። ተማሪው ይወጣል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ወታደር ይመጣል። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አንድም አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ሰምቶ ነው። በሌላው ጉዳይ ከሰው ታንሳለህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ በማስተር ፕላኑ ጉዳይ ግን ከአገሬው ሁሉ እኩል ነበርኩ። ይህን ወተት ለሚያቀርቡልን ገበሬዎች ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ ልጃቸው ተይዞ የት እንዳለ ሳያውቁ ወር የከረሙ አባት ነበሩ። እሳቸውም ሳቁ።

ላም አድማ አታውቅም። መንገዱ ቢዘጋም ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ወተቱ አዲስ አበባ መውረድ ሲያቅተው ግቢያችን በበርሜል ይሞላል፣ ይረጋል፣ ይኮመጥጣል። ሠራተኛው በጀሪካን እርጎ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለአከራዬ ሰጠሁ፣ ለጎረቤት ሰጠሁ፣ የጎረቤቱ ውሻ እንኳ በመጨረሻ እግሬን ሲሰማ መሸሽ ጀመረ። እርጎ ሲባል ዛሬም ፊቴ ይጨማደዳል።

ኋላ የልቤ የሆነችውን ልጅ ያገኘኋት አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ፣ የሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው ዓይነ ስውር ሲያይ ክንዱን ይዞ እንደ ጤፍ ጆንያ ይጎትታል፤ የት እንደምትሄድ የሚጠይቅህ ማዶ ካሻገረህ በኋላ ነው። እሷ አልነካችኝም። «ወዴት ነህ?» አለችኝ። ሱሉልታ አልኳት። «እኔም ነኝ፤ ሰልፉ አጭር ነው፣ ታክሲው ግን የለም» አለችና ዝም አለች። በዚያ ዝምታ ነው የወደድኳት። ቡራዩ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ለእረፍቷ ወደ ቤተሰቦቿ ወደ ሱሉልታ ትመጣለች። ከዚያ በኋላ እየተቀጣጠርን ሻይ መጠጣት ጀመርን። አንድ ቀን ስለ መሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ኃላፊ እስኪወጣልኝ አወራኋት፤ እኚህ ሰውዬ አንድ ወረቀት ሲጠየቁ አንድ ሊትር ደም የተጠየቁ ነው የሚመስላቸው፣ ሲስሉ እንኳ ቆጥበው ነው የሚስሉት እያልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አባዬ ነው» አለች።

እኚህ አባት ሱሉልታን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያረሰ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ከቢሮ ወጥተው ላሞቻቸውን ሳያዩ አይገቡም። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ገበሬውም ሠራተኛውም በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ ይላቸዋል። ቢሯቸው ከእኔ ክፍል ሥር፣ ምድር ቤት ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ሲጣል ካዩ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫሉ። «ወረቀት ሁለት ፊት አለው፤ አንድ ፊት ሊኖረው የሚገባ ሰው ነው» ይላሉ። ጀርባው ንጹሕ የሆነ ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛቸው ሥር ባለ ካርቶን ይጠራቀምና ማስታወቂያ ሆኖ፣ ደረሰኝ ሆኖ እንደገና ይወጣል።

ልጃቸው ስለ እኔ ጫፍ ጫፉን ስታነሳባቸው አልተቆጡም። «ልጁ ጨዋ ነው» አሉ። «ግን እኔ ያስተማርኩሽ የሰው ዓይን ሆነሽ እንድትቀሪ አይደለም። ጠዋት ታነቢለታለሽ፣ ማታ ትመሪዋለሽ፤ የራስሽን ኑሮ የምትኖሪው መቼ ነው?» እሷ ነገር መሸፋፈን አትወድም፤ እንዳለ ነገረችኝ። ስንት ቀን ተቃጠልኩ! የበለጠ ያናደደኝ ክፋት ስለሌለበት ነው። ክፋት ቢሆን ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር። አባት ለልጁ ሲያስብ ምን ይባላል? እኔም በልቤ ተሳልኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቢሮ የማንንም ዓይን አልዋስም፤ ኦቦ ያዩኛል።

ይህን በተሳልኩ ሰሞን ነው ለእኔ ክፍል አዲስ ፕሪንተር የተገዛው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገጥምልን ባለሙያ ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው፤ መንገድ ዝግ ነው፣ ባለሙያ የለም። ሁሉም «እስኪከፈት ይቀመጥ» አለ። «እኔ እገጥመዋለሁ» አልኩ። አንዷ የሥራ ባልደረባችን «ውይ፣ እግዜር ያግዝህ» አለች፤ ለታመመ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

ፕሪንተር ከካርቶኑ ሲወጣ በየስንጥቁ ፕላስተር ተለጥፎበት ነው። አንዱን ላጥኩ፣ ሁለተኛውን ላጥኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ከበሩ ውስጥ ሌላ በር፣ እዚያም ፕላስተር። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትሸፈንም። የመመሪያው መጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው አሉኝ፤ የሰው እጅና ቀስት። ማብሪያውን በጣቴ ፈልጌ አገኘሁና ልጅቷ ከክሊኒኳ የሰጠችኝን የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ከዚያ በኋላ ያለምንም ፍለጋ አገኘዋለሁ። እስከዚህ ጀግና ነበርኩ።

ችግሩ የመጣው ከኮምፒውተሩ ጋር ሳስተዋውቀው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን በጆሮዬ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለኝ። አጅሬ ነው የምለው። አጅሬ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፣ አማርኛውን ግን ጥርሱን እንዳመመው ሰው እየጎተተ ነው የሚያነበው። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣውን ሲዲ ስከፍት ሁሉ ነገሩ ሥዕል ነው፤ አጅሬም «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» ይላል። የምን አዝራር? አይናገርም። ከኢንተርኔት ሌላ ፕሮግራም እንዳላወርድ ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሰነባብቷል። ስለዚህ በጓሮ በር ገባሁ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በቢሮው መስመር ላይ ያሉትን ፕሪንተሮች ዝርዝር እንዲያወጣልኝ አደረግኩ። ሁለት አገኘ። ሁለቱም አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ስም፤ መንትያ ናቸው። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው የማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልወሰድኩም። አዲስ የመጣ ከኋላ ይሰለፋል ብዬ የታችኛውን መረጥኩ። ሰልፍ የሚያከብር አገር የምኖር መስሎኝ።

አሁን ደግሞ ስለ አጎቴ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሰበታ ውስጥ ልጅ ሊጠየቅ ሲሆን መጀመሪያ የሚፈለጉት እሳቸው ናቸው። ለእኔም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ኦቦ ቤት ሊመጡ ቀን ቆርጠው ነበር። መንገድ ተዘጋ። ሌላ ቀን ቆረጡ። ያም ተዘጋ። አጎቴ ሥራ ፈትተው መቀመጥ ስለማይችሉ ንግግራቸውን በስልክ ያስጽፉኝ ጀመር። «በትልቁ ጻፍልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ከሩቅ እንዳነበው» አሉኝ። ዓይነ ስውሩን የእህታቸውን ልጅ! እኔም ፊደሉን የሚቻለውን ያህል አሳድጌ ጻፍኩት፤ ሙሉው ንግግር አንድ ገጽ ላይ እንዲያልቅ ግን ስንት ምርቃት ቆረጥኩ።

ንግግሩ እንዲህ ይል ነበር፤ «እንደምን ዋላችሁ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው። ልጃችን ከእርስዎ ራስ በላይ፣ ፎቅ ላይ ይሠራል። ዓይኑ ባያይም ልቡ ያያል። ጸሐፊ ነው። ማሽን ሁሉ ይታዘዝለታል።» የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ላውጣት ብዬ ለምኜ ነበር። «እሷማ ዋናዋ ናት» አሉኝ።

ይህን ወረቀት ሰው እያየ ላትም አልችልም፤ ቢሮው ከወሬ በስተቀር ምንም አይደብቅም። ስለዚህ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ላክሁት። አጅሬ «ወደ ፕሪንተር ተልኳል» አለ። አጠገቤ ያለው ፕሪንተር ጭጭ። ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ ውስጡ ይተነፍሳል። እጄን ወረቀት በሚወጣበት አፉ ላይ አደረግኩ፤ ምንም። እንደገና ላክሁ። «ተልኳል» ይላል አጅሬ፣ በኩራት። መታ መታ አደረግኩት። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት። ወረቀቱን አውጥቼ አራግፌ መለስኩት። እንደገና ላክሁ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ በስመ አብ ብዬ አማተብኩበት። ንዴቴ ሲጠና ስንት ቅጂ እንደምፈልግ የሚጠይቀው ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥሩን አልናገርም። ከላክሁት በኋላ ኮምፒውተሩን ትቼው ጣቴን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ምሳ ሰዓት አለቀ። ሠራተኛው እየተመለሰ ነው። በዚህ መሃል ከወለሉ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ክርርር፣ ጥጥ፣ ክርርር። ፕሪንተር ነው፤ ያለማቋረጥ ያትማል። እንዴት እንደቀናሁ! የታችኞቹ ምን ያህል ታድለዋል አልኩ። ኦቦ ከየት ያገኙት ፕሪንተር ነው እንዲህ ልብ ያለው? የእነሱ እንዲህ ሲሠራ የእኔ ለምን ሐዘን ይቀመጣል? ድምፁ አቋረጠና ደግሞ ቀጠለ። «እሰይ፣ ብርታት ይስጥህ» አልኩት በልቤ፣ የሚያትመው የሰው ወረቀት መስሎኝ።

ምድር ቤት የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ገንዘብ ያዣችን ናት፤ እየሳቀች ስለነበር ለመጨረስ ጊዜ ወስዶባታል። ኦቦ መብራት ለመቆጠብ ብለው ምሳ ሲወጡ ፕሪንተራቸውን ያጠፋሉ። እኔ የላክሁት ሁሉ እንግዲህ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው ነበር። ከምሳ የተመለሱት ደግሞ ብቻቸውን አይደለም። በወተቱ ጉዳይ ሊነጋገሩ የመጡ የገበሬው ኮሚቴ ሽማግሌዎች ቢሯቸውን ሞልተውታል፤ ወተቱ ቅቤ ይውጣው ወይስ ይደፋ ነው ክርክሩ። ኦቦ ፕሪንተሩን አበሩት። ማሽኑ ጉሮሮውን ጠረገና አንድ ወረቀት አወጣ።

ገንዘብ ያዣችን አንስታ የቢሮ ደብዳቤ መስሏት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «እንደምን ዋላችሁ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።» ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። «የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን...» እዚህ ላይ ድምጿ ጠፋ። ማሽኑ ግን ሁለተኛውን አወጣ። ሦስተኛውን አወጣ። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ እሷ ዝም ብትልም ከበሩ ማዶ የቆመ ሁሉ ያነበዋል።

«ማል ታኤ?» አሉ ኦቦ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ተነሥተው አጠፉት። ለኮሚቴው ይቅርታ ጠይቀው ስለ ቅቤው ሊቀጥሉ አሉ። የሚታተም ደረሰኝ ስለነበራቸው መልሰው አበሩት። «እንደምን ዋላችሁ» አለ ማሽኑ በወረቀት። አጠፉት። ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት። እስኪረሳው ጠብቀው ሰኩት። ፕሪንተር ቂም አይረሳም፤ እንደገና ጀመረ። ያን ጊዜ ከኮሚቴው ትልቁ፣ አቅራቢ ገበሬዎቹ ሁሉ የሚፈሯቸው አዛውንት፣ በትራቸውን መሬት ላይ ደገፍ አድርገው እንዲህ አሉ ይባላል፤ «ኦቦ፣ ይኼ ማሽን ወግ ያውቃል። ጃርሳ፣ ሽማግሌ፣ ለልጅ ሲሄድ አንዴ ተመልሶ አይቀርም። ሂድ ይሉታል፣ ይመጣል። ሂድ ይሉታል፣ ይመጣል። አሁን ሦስተኛው ነው። ምን ያቆሙታል? ተቀመጥ በሉት እንጂ!» ከዚያም ወደ ፕሪንተሩ ዞረው፣ ተቀመጥ ለማለት በኦሮምኛ «ታኢ! ታኢ!» አሉት። ማሽኑ ግን ጉዳዩ ሳይሰማ አልተቀመጠም፤ ወረቀት እስኪያልቅበት ለመነ።

የታችኛው ክፍል ሳቅ ፎቁን ሲያናውጠው እኔ አሁንም የራሴን ፕሪንተር ሆድ በጣቴ እየዳበስኩ ነበር። ከዚያ ደረጃው ሥር ኦቦ ሲጠሩኝ ሰማሁ። «ኮቱ!» ና ማለት ነው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ሳቅም የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ስም፣ ሰልፍ፣ የታችኛው። ደረጃውን ወረድኩ፤ ማሽን ሁሉ የሚታዘዝልኝ ሰውዬ፣ ለአንዲት «ኮቱ» ታዝዤ።

ገብቼ ቆምኩ። ክፍሉን የሰው ትንፋሽ ሞልቶታል። አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሲታገል አፍንጫው ያፏጫል።

«ይኼ የአንተ ነው?» አሉ ኦቦ።

«አዎ ኦቦ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሌላ ፕሪንተር ነበር።»

«ለሌላ አባት?»

«ኧረ አይደለም! አባትስ ትክክል ነው። ፕሪንተሩ ነው የተሳሳተው።»

እዚህ ላይ ኮሚቴው ፈነዳ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው። ኦቦ አልሳቁም። «አስቁመው» አሉኝ ብቻ። ወደ ላይ ሮጥኩ፤ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። አጅሬ እያንዳንዱን ስም ሳይዘል እያነበበልኝ፤ «ሽምግልና፣ ተሰርዟል። ሽምግልና፣ ተሰርዟል።» ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ የከፋው ይኼ ነው። የገዛ ጋብቻዬን በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ሥራ ያዙኛል፣ ስለ ወረቀቱ ግን ቃል አይተነፍሱም። ልጅቷ በስልክ አንጀቷ እስኪቆስል ከሳቀች በኋላ «ቤትም ምንም አላለ አሉኝ» አለችኝ። «ላሞቹን አይቶ ይገባል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል።» ቡራዩም መንገድ ተዘግቶ ክሊኒኩ ውስጥ ከቁስለኞች ጋር ማደሯን የነገረችኝ ከሳቀች በኋላ ነው። እንግዲህ ምን ልበል? ፈራሁላት። እዚያ ሄጄ አጠገቧ መሆን አልቻልኩም፤ አባቷም አልቻሉም። ሁለታችን አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተቀምጠን በየፊናችን ለአንዲት ሴት ስንደውል እንውላለን። ወለሉ ስስ ስለሆነ «ደህና ነሽ?» ሲሉ እሰማቸዋለሁ፤ እኔም የምለው እሱኑ ነው።

የታተመው ወረቀትስ? ኦቦ ወረቀት አይጥሉም አላልኩም? ሁሉም ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጀርባው ንጹሕ ነዋ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከሒሳብ ክፍል የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ በጀርባው የእኔን ጋብቻ ተሸክሞ መውጣት ጀመረ። የወተት መቀበያ ሰዓት ለውጥ ተለጠፈ፤ ንፋስ ሲገለብጠው «ልጅዎን ለልጃችን»። የቅቤ ደረሰኝ ተሰጠ፤ በጀርባው «ዓይኑ ባያይም ልቡ ያያል»። ኦቦ ይህን አስበውበት ይሁን ከወረቀቱ አዝነው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ብጠይቃቸውም ወረቀት ወረቀት ነው ከማለት በቀር አይመልሱልኝም። ጠዋት ወተት ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች «አካም ጅርታ፣ ሙሽራው!» እያሉ ሰላም ይሉኛል። አንዲት እናት ወረቀቱን ይዛ መጥታ ለልጇም እንዲህ ያለ በትልቅ ፊደል እንዳወጣላት ለመነችኝ። ወረዳው ሁሉ ተሸምግሎ አባትየው ብቻ አልመለሱም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ዕድሜያቸውን ሁሉ ባልደረሰባቸው ውርደት ታመሙ። «እኔን ጥሎ ብረት ላከ» አሉ ለእናቴ። ለእኔ ደግሞ በስልክ፤ «ለመሆኑ ማሽን ሁሉ ይታዘዝለታል የምትለዋን አነበቧት?» አዎ፣ እሷን ከሁሉ አስበልጠው አነበቧት አልኳቸው። ትንሽ ተጽናኑ።

አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ሰዓት አካባቢ፣ ሌላው ሁሉ ሄዶ፣ የተዘጋው መንገድ ይከፈታል የሚል ወሬ በደረሰን ዕለት፣ እየጻፍኩ ሳለ ከኋላዬ ሰው መቆሙን አወቅኩ። በቁጠባ ሳሉ። ኦቦ ናቸው። ለምን ያህል ጊዜ ቆመው እንደቆዩ አላውቅም።

«ስክሪኑ ጠፍቷል» አሉ።

«አዎ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል? መብራት ይበላል ብዬ አጥፍቼው ነው።»

ከወንበሮቹ አንዱን ስበው ሲቀመጡ ሰማሁ። እጆቼን ከፊደሎቹ ላይ አነሣሁ።

«ያን ቀን ፕሪንተሩን ማን ገጠመልህ?»

«እኔ ነኝ የገጠምኩት።»

«ዝርዝሩንስ ማን አነበበልህ?»

«በጆሮዬ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለ፤ እሱ።»

«የተሳሳተውን የመረጠውስ?»

«እኔ ነኝ ኦቦ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ደጋግመህ ስትልክ አጠገብህ ሰው ነበረ? ልጄ በስልክ ታዝዝህ ነበር?»

«ማንም አልነበረም። እሷም አታውቅም።»

«ስታስቆመውስ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ወንበሩ ተንቋቋ። በመስኮቱ በኩል የኮመጠጠ ወተት ሽታ ይገባል፤ ግቢው ውስጥ በርሜል የሚያንከባልል ሰው አለ።

«ይኼውልህ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የፈራሁት ልጄ የአንተን ኑሮ ስትሠራ የራሷ እንዳይቀርባት ነበር። ቀን ቀን ሳስበው፣ ሌሊት ሳስበው ከረምኩ። ያለማንም ዓይን ይህን ያህል ጥፋት ማድረስ የቻለ ሰው፣ ያለማንም ዓይን ቤት ማቅናት አያቅተውም። መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌዎችህ ይምጡ።»

እንደኔ ምላሱ የረዘመ ሰው «እሺ» ብቻ ብዬ አበቃሁ።

«አጎትህን ግን ቃሉን ያሳጥሩ በላቸው» ጨመሩበት። «ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል።»

ተነሡ፤ እኔም ኮምፒውተሬን ዘግቼ ተነሣሁ። አብረን ወጣን። ደረጃው አፋፍ ላይ ስንደርስ ክርኔን ያዙኝ፤ እንደ ሰው ሁሉ ሊመሩኝ። ጣቶቻቸው ጠበቅ ሲሉ ተሰማኝ፣ ከዚያ ደግሞ ላላ አሉ። ለቀቁኝ። «ቅደም» አሉኝ። ቀደምኩ። እሳቸው ከኋላዬ ይወርዳሉ፤ ፊቴን የማያዩት በመሆናቸው ደስ አለኝ፣ እያለቀስኩ ነበር።